ውኃ ቀስቃሹ ሚስተር ሃርላን

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የቀኝ ቦት ጫማቸው ጫፍ ነበር። ግራው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ቀኙ ግን አውራ ጣቱ ላይ በሦስት የብስክሌት ጎማ ልጣፍ ተደራርቦ ተጠግኗል። ሰው እንዴት በአንድ እግሩ ብቻ ያረጃል? ብዬ ተገረምኩ። በኋላ አጠገባቸው ቆሜ ሳይ ገባኝ። ሚስተር ሃርላን ቴቤትስ አርባ አንድ ዓመት ውኃ ሲረግጡ ኖረዋል።

በእኛ በአርካንሳስ ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ ውኃው ወደ ኦክ ጫካው ይገባል፤ ዳክዬውም ከሰሜን ይወርዳል። አዳኝ ዛፉን ተደግፎ እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ ይቆማል። ፊት ለፊቱ፣ ዛፍ በሌለበት ገላጣ ውኃ ላይ መንጋውን ማታለያ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ። ነፋስ ከሌለ ግን ውኃው መስታወት ይሆናል፤ ዳክዬዎቹም ሰው የጣላቸውን ጠርሙሶች ይመስላሉ። ከላይ የሚዞረው መንጋ አንዴ ያያቸውና መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ሰው እግሩን እያነሣ ውኃውን መርገጥ አለበት። ሞገዱ ክብ እየሠራ ይሄዳል፣ ይደርሳል፣ የሞተውን ሁሉ ያስነሣል። አንዱ ጭራውን ይነቀንቃል፤ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ይመስል ፊቱን ያዞራል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አፍህን ግጠም» አሉኝ ሚስተር ሃርላን። «ጥርስህ ከላይ ይታያል።»

ሥራቸው የሩዝ እርሻ ፓምፕ መጠገን ነበር። ቆሞ የቀረ ነገር ማየት አይችሉም። የቆመ የግድግዳ ሰዓት ካዩ የሰው ቤት ነው አይሉም፤ ከፍተው ያስነሡታል። ሰባኪው ነገር ሲያስረዝም ከፊታቸው ያለውን አግዳሚ በጉልበታቸው እየገፉ፣ የተቀመጡትን ሴቶች ከነባርኔጣቸው ያወዛውዛሉ። ሟች ባለቤታቸው ኔዲን «ሃርላን ሲሞት ሣጥኑን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከውስጥ ይራገጣል» ትል ነበር አሉ።

በእኛ ጫካ እያንዳንዱ አዳኝ የራሱ ዛፍ አለው። መሐል ላይ ያለው ትልቁ ኦክ የውኃ ቀስቃሹ ነው። ቀስቃሹ መቀስቀስ ካቃተው ዛፉን ይለቅቅና ጀልባው ዘንድ ይቀመጣል፤ ውሻ ይዞ፣ የሌላውን ተኩስ እየሰማ። ወደ ጀልባ የወረደ ሰው ደግሞ ተመልሶ ዛፍ ሲይዝ ታይቶ አይታወቅም።

ባለፈው መኸር ሚስተር ሃርላን ዳሌያቸው ተከፍቶ ብረት ገባበት። ሐኪሙ መራገጥን ከለከላቸው። በጥር መጨረሻ፣ አደኑ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የእህታቸው ልጅ ኮልቢ ክንፉ በባትሪ የሚሽከረከር ዳክዬ ታቅፎ የጫካው ባለቤት ወደሆኑት ሚስ ሉዴል ግቢ መጣ። ሚስ ሉዴል ዛፍ የሚሰጡና የሚነሱ እሳቸው ናቸው። አፋቸው ላይ የዳክዬ መጥሪያ ፊሽካ ካልያዙ ብስኩት ይዘዋል።

«አጎቴ፣ ይኸውልዎ!» አለ ኮልቢ ቁልፉን እየተጫነ። ክንፉ ነጭ ጥቁር፣ ነጭ ጥቁር እያለ ተሽከረከረ። «እግር አይፈልግ፣ ዳሌ አይፈልግ።»

«ደግሞም አእምሮ አይፈልግ» አሉ ሚስተር ሃርላን። «አንተን ፈልጎ የተሠራ ነው።»

«ይሳቁ። መሐሉን ዛፍ ለእኔ ይስጡኝና እርስዎ ጀልባው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይሞቃሉ። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለህ! እናትህም ሕፃን ሳለን ከረሜላዬን የምትበላው ለጥርሴ ብላ ነበር።»

ሚስ ሉዴል ብስኩታቸውን አኝከው ጨረሱና ፈረዱ። «ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃ ሁሉ ሳይጎርስ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ግማሽ ሰዓት ለኮልቢ፣ ግማሽ ሰዓት ለሃርላን። መንጋ ያሳረፈ ዛፉን ይወስዳል፤ የተሸነፈው ጀልባ ዘንድ ይሄዳል። ሃርላን፣ ታዲያ መርገጥ የለም። ሐኪምህ ምርመራ ሲያደርግ እኔን ይጠይቀኛል።»

«አንዴም አልረግጥ» አሉ ሚስተር ሃርላን። ፊታቸው የቅዳሴ ልጅ ፊት ሆነ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ውኃው ውስጥ ቆመን ነበር። የነፋስ ትንፋሽ እንኳ የለም። ኮልቢ እስከ ደረቱ የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ አጥልቆ፣ የኋላ ማንገቻው ተጠማዞበት ይታገላል።

«አጎቴ፣ እባክዎ ይቺን ያስተካክሉልኝ።»

«ና የኔ ልጅ፣ ዙር። አንተ አፈ ክፍት፣ ባትሪህን ወዲህ አብራ።»

አበራሁ። ሚስተር ሃርላን ማንገቻውን በጥንቃቄ አቀኑት። ከዚያ ከኪሳቸው የቀጭን ጥቁር ገመድ ጫፍ አወጡና ዘለበቱ ላይ ቋጠሩት። ገመዱ ወደ ውኃው ይገባል፤ ስድስት የፕላስቲክ ዳክዬዎች ታስረውበታል፤ ሌላው ጫፍ ከገላጣው ማዶ ባለ ዛፍ፣ ምስማር ላይ በላስቲክ ተወጥሯል። ዓርብ ሳይመሽ ብቻቸውን መጥተው ዘርግተውት ኖሯል። ዓይኔ ሲፈጥ አይተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሳቄን ለመዋጥ ጓንቴን ነከስኩ።

የኮልቢ ግማሽ ሰዓት ተጀመረ። ሚስተር ሃርላን «ሰውነትህን ካነቃነቅክ ማሽኑ አይታመንልህም» ብለው ስለመከሩት እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። ክንፉ ተሽከረከረ። ሚስ ሉዴል መጥሪያቸውን ነፉ። አንድ መንጋ መጣ፤ አረንጓዴ ራሳቸው በመጀመሪያው ብርሃን እንደ እርጥብ ቅጠል አበራ። ዝቅ አሉ፣ ዝቅ አሉ፣ ክንፉን አዩና የፈላ ውኃ እንደተደፋባቸው ወደ ላይ ተበተኑ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው መንጋማ ገና ከሩቅ ዞረ።

«ከካናዳ እስከዚህ ድረስ በየኩሬው ያንን ሲሽከረከር አይተው ነው የመጡት» አሉ ሚስ ሉዴል። «በኅዳር ይሠራል። በጥር የቀሩት ብልጦቹ ናቸው። ኮልቢ፣ አጥፋው። ሃርላን፣ ተራህ ነው።»

ሚስተር ሃርላን ዛፋቸውን ተደገፉ። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉ። እግራቸው ንቅንቅ አላለም።

ኮልቢ ግን መቆም የማይችል ሰው ነው። ተራው ካለፈ በኋላ ያደረቀው ምክር ለቀቀው። ሰዓቱን ሊያይ እጁን ወረወረ፤ ስድስቱ ዳክዬዎች እጅ ነሡ። በብርድ ትከሻውን ሰበቀ፤ ስድስቱም ክንፋቸውን የሚያራግፉ መሰሉ። ሞገዱ ወደቀሩት ዳክዬዎች ሄደ፤ ገላጣው ሁሉ ተንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው ያስነቃነቃቸው?» አለ በሹክሹክታ፣ ወደ አጎቱ ዞር ብሎ። በመዞሩ ደግሞ ይበልጥ ጨፈሩ።

«ጸሎት» አሉ ሚስተር ሃርላን።

«እጅዎን ያሳዩኝ!»

አሳዩት። አንዱ እጃቸው ባዶ ነው፤ ሌላው ግማሽ ብስኩት ይዟል።

«እግርዎንስ?»

«አንተ ዝም ብለህ ተመልከት።»

ኮልቢ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየተንጠራራ መረመረ። በተንጠራራ ቁጥር ዳክዬዎቹ ሰርግ ቤት እንደገቡ ሆኑ። ያኔ ሰማዩ ፉጨት ሆነ። አርባ ይሁኑ ሃምሳ እንጃ፣ በቅርንጫፎቹ መሐል ክንፋቸውን ወደ ኋላ ሰብረው፣ ብርቱካናማ እግራቸውን ዘርግተው እንደ ቅጠል ዝናም ወረዱ። ውኃው ረጨኝ። አንዷ ከጉልበቴ አጠገብ አርፋ ቀና ብላ አየችኝ። ትንፋሼን ዋጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሳር ቅጠሉ ፊት በየጠዋቱ ሲሆን ሰው እንዴት ተኝቶ ያረፍዳል?

ሚስ ሉዴል መጥሪያቸውን ከአፋቸው አወጡ። «በቃ። ዛፉ የሃርላን ነው። ኮልቢ፣ ወደ ጀልባው።»

በድምፃቸው ውኃው ፈነዳ፤ መንጋው ተነሥቶ ጫካውን ሞልቶ ጠፋ።

«ተንኮል አለበት!» ጮኸ ኮልቢ። «እምላለሁ፣ ተንኮል አለበት!»

«ምን እንደሆነ ንገረኝና እፈርድልሃለሁ» አሉ ሚስ ሉዴል።

ኮልቢ ማሽኑን በብብቱ ይዞ ውኃውን በቁጣ እየሰነጠቀ ወደ ጀልባው ሄደ። ላስቲኩ ተወጠረ፣ ተወጠረ፣ ከምስማሩ ጧ ብሎ ተነቀለ። ስድስቱ ዳክዬዎችም ሰልፋቸውን አሳምረው፣ እናታቸውን እንደሚከተሉ ጫጩቶች በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ተከተሉት። ሲፈጥን ይፈጥናሉ፤ ሲቆም ይቆማሉ። ሚስ ሉዴል ዛፍ አቅፈው ሳቁ፤ ብስኩቱ አነቃቸውና ጀርባቸውን መታሁላቸው።

ኮልቢ በመጨረሻ ዞር ብሎ አያቸው። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ቋጠሮውን ዳበሰ።

«አጎቴ…»

«እ?»

«እኔ ነኝ ያሳረፍኳቸው ማለት ነው?»

«አንተ ነህ። እኔ ቦታህን ብቻ አመቻቸሁ።»

«እንግዲያ ዛፉ የእኔ ነው!»

ወደ ሚስ ሉዴል ዞርን። እንባቸውን ጠረጉ። «ዛፉ ገመዱን ማን ላይ ማሰር እንዳለበት ያወቀው የሃርላን ነው» አሉ። «አንተ ግን ጀልባ ዘንድ አትሄድም። ከሃርላን ጎን ትቆማለህ፤ ገመዱንም አትፍታው። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ቁንጥንጥ አላየሁም።»

ኮልቢ ሊቆጣ አሰበና ሳቅ ቀደመው። ከነዳክዬዎቹ ተመልሶ መጣ።

አደኑ አልቆ ስንወጣ ደረቁ መሬት ላይ ሚስተር ሃርላንን ደረስኩባቸው። «አርባ አንድ ዓመት በእግር ረግጠው፣ ይህን ገመድ ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

ዙሪያቸውን ቃኙ። «የኮልቢ አባት ከዚህ የባሰ ቁንጥንጥ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እግሬ በደከመኝ ቀን ሁሉ ገመዱን እሱ ላይ አስር ነበር። ሃያ ዓመት። ሳያውቅ ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው። በኑዛዜውም ‹ከሃርላን ጎን ስቆም ዳክዬ ይቀናኛል› ብሎ ነበር።»

ሌላ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በአገጫቸው ግጠመው የሚል ምልክት ሰጡኝ። ከዚያም ሁለት ራሰ አረንጓዴ ዳክዬዎች ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በብረቱ ዳሌ በኩል ትንሽ እያዘነበሉ፣ በሩዙ ማሳ ድንበር ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ወደ ኋላ አልዞሩም።