በዘሃራ ውሃ ውስጥ የጨመርኩት ጠብታ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በጸሎት ቡድናችን ፊት ያልሠራሁትን ኃጢአት ሳይቀር ጨማምሬ ስመሰክር ይቺን ብቻ ዘልያታለሁ። አንባቢዬ፣ ስማኝ፤ ግን እንዳታዝንልኝ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንኞች ቫይረስ መያዝ አለመያዛቸውን በሚመረምር ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። ቀልዱ ያለ ሞተር የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል የተባለልኝ ሰው ነኝ፤ ባዩም እኔው ነኝ።

ዘሃራ ደጋን የምትባለው የቅርብ ከተማ ልጅ ናት፤ ያኔ ጀማሪ ባለሙያ ነበረች። ትንኞቹን በረዶ ላይ ለይታ፣ ሃያ ሃያውን አንድ ላይ ፈጭታ፣ ዘረመሉን አውጥታ ወደ ማሽኑ ታስገባለች። ቫይረስ ካለ ስክሪኑ ላይ መስመር ይነሳል። ንጹህ ውሃ ብቻ የያዘ አንድ ቱቦም ሁሌ አብሮ ይገባል። ውሃው መስመር ካወጣ የሠሪው እጅ በክሎታል ማለት ነው፤ የቀኑ ሥራ በሙሉ ይጣላል።

እዚያ ውሃ ውስጥ፣ ቫይረስ እንዳለበት ከሚታወቀው ማወዳደሪያ አንዲት ጠብታ ጨመርኩ። ለሳቅ ብዬ። ውሃው መስመር አወጣ። ዘሃራ ጓንት ቀየረች፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ፈተገች፣ ደገመች። እኔም ደገምኩ። በሦስተኛው ቀን ጓንት በጓንት ላይ ስትደርብ አየሁና ደስ አለኝ። የሰው ጭንቀት ደስ የሚለው ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? እኔ ነኝ።

ከዚያ ሰለቸኝና ተውኩት። በማግስቱ ውሃዋ ንጹህ ሆነ፤ ከደጋን የመጡት ትንኞች ግን ትንኝ የሚያስተላልፈውን የደንጊ ትኩሳት ቫይረስ መስመር አወጡ። ለሕዝቡ ይነገር፣ ትንኝ የሚራባባቸው የውሃ በርሜሎች ይከደኑ ብላ አለቃችንን ለመነች። እሱም የሳምንቱን ውጤት አገላብጦ፣ ይሄም የእጅሽ ጣጣ ነው አላት። ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ወላሂ የዛሬው እውነት ነው።»

እውነት መሆኑን ከእሷ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ለትንኞቹስ ጓንት አልብሰሻቸዋል?» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ናሙናው ተጣለ፤ እሷም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። ከሳምንታት በኋላ ደጋን በትኩሳት ተኛ። እናቷን ደሴ ሆስፒታል ወስዳ አስታመመች፤ ደንጊ ነው ተባለ፤ አልተረፉም። ለቅሶ ደረስኩ። ሥራዬን አጥርቼ ብሠራ ኖሮ እናቴን አድናት ነበር እያለች ታለቅሳለች።

«አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» አልኳት። እኔ፣ ለእሷ። እሷም አመሰገነችኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንተ ይቅር ብትለኝ ለእሷ ምኗ ነው? እናቷን የገደለችው ራሷ እየመሰላት እዚያው ደጋን ትኖራለች። የደጋን ሚኒባስ በየሰዓቱ ይሄዳል። እኔ ልነግራት አልሄድኩም።