ባሌስትራ ያስጨመርኩባት መኪና

ቡሬ ላለው መካኒክ ከኋላ ባሌስትራ እንዲጨምርልኝ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ መኪናህን በቅሎ ልታደርጋት ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ በቅሎ አድርጋት አልኩት። ያኔ በሽንዲና በቡሬ መካከል አስፋልት ባልነካው የፒስታ መንገድ ፒክአፕ እነዳ ነበር። ዘመኑ ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት ተጠርንፎ ስብሰባ የሚውልበት የኢሕአዴግ ዘመን ነው። ከስብሰባ የተረፈው ገበያ ይሄዳል፣ ገበያ የሚሄደውን ደግሞ የምንወስደው እኔና መሰሎቼ ነን። ቀድሞ ቡሬ የገባ የመልስ ጭነት ያገኛል፤ የዘገየ አቧራ ጠጥቶ ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ እንከንፍ ነበር። መንዳት አይባልም፣ ግልቢያ ነው።

ባሌስትራ ለማያውቅ፣ ከኋላ ጎማ አጠገብ እንደ ደጋን ቆልመም ብለው የተነባበሩ ብረቶች ናቸው። ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የእኔዎቹ ደክመው ነበር። በቆሎ ስጭን የመኪናዋ ቂጥ መሬት ሊነካ ይደርሳል፣ ጉድጓድ ስገባ ብረት ከብረት ይላተማል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች። መካኒኩ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ብረት አምጥቶ ከነበሩት ጋር አነባበረልኝ፣ ሾኩንም በጠንካራ ለወጠው፣ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሲጨርስ ከኋላ ካሶኒው ላይ፣ እህል የሚጫንበት ላይ ማለቴ ነው፣ ወጥቶ ዘለለበት። ንቅንቅ አላለችም። «በቃ፣ እንደ ልብህ ጋልባት። ግን ባዶዋን ስትሄድ አንጀት ትበጥሳለች» አለኝ። የእኔ አንጀት ምን ይሆናል ብዬ ሄድኩ።

እውነቱን ነበር። ሙሉ ስትጫን ጭልጥ ትላለች፣ መንገዱ ድንጋይ ይኑረው አይኑረው አታውቀውም። ባዶዋን ግን ጠጠሯ ሳትቀር ወገብ ላይ ትመታለች። ከገበያ መልስ ከኋላ የሚሳፈሩት ሴቶች «ኧረ በማርያም ቀስ በል!» እያሉ ይጮሁብኝ ነበር። አንዷ አሮጊት አንድ ቀን ሲወርዱ ወገባቸውን ይዘው «ልጄ፣ የጫንከው ሰው ነው ድንጋይ?» አሉኝ። «ድንጋይ ብትሆኑማ በምን ዕድሌ፣ ድንጋይ አይጮህም» አልኳቸው። ሳቁ፣ ደግሞም ረገሙኝ።

የምኖረው ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለች መንደር፣ ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የካቲት ላይ፣ ውድማው ተነስቶ እህሉ ሁሉ ቤት ገብቶ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እናቴ አዲስ የወለደች ላም ልታልብ ገባች። በእጇ ያሳደገቻት ላም ናት። ጥጃዋን ልትለይ ጎንበስ ስትል ላሟ በግንባሯ ሆዷን መትታ ከግድግዳው ጋር አጣበቀቻት። ቀንዷ አልበሳትም፣ ደምም አልታየም። ሆዷ ግን ተነፋ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ላነሳት ብሞክር ጮኸች። እናቴ ስትጮኽ ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም።

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ሆዷን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች። «ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ይመስለኛል። ቶሎ ቡሬ ሐኪም ቤት ካልደረሱ እንጃ» አለችን። አምቡላንስ ጠራች፤ ሌላ ቀበሌ ወላድ ሊያነሳ ሄዷል ተባለ።

በእኛ አገር የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው የሚሄደው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይገቡበታል። ሁሉም ተራ አለው፤ ከተራው የቀረ ሰው የሞተ ዕለት ቀባሪ ያጣል። ቃሬዛው ወዲያው መጣ፣ ተሸካሚውም ጋቢውን ጥሎ ተሰለፈ። ግን ቡሬ በእግር ሲደረስ ቀኑ ይመሻል። መኪናዬ ደጅ ቆማለች። «መኪና እያለ ምን ቃሬዛ!» ተባለ። ካሶኒው ላይ ገለባና ፍራሽ አድርገን አወጣናትና ሞተር አስነሳሁ። ገና ከደጃፋችን ወደ መንገዱ ስወጣ ጩኸቷ ጋቢናው ውስጥ ገባ። አቆምኩ። «ልትገድላት ነው!» አለችኝ እህቴ።

ያኔ ነው ባሌስትራው ትዝ ያለኝ። መኪናዋ ባዶ ናት። አንዲት የከሳች ሴትዮና አንድ ፍራሽ ለእሷ ምኗም አይደሉም። ኤሊ ሆኜ ብነዳት እንኳ ትመታለች፣ ኤሊ ከሆንኩ ደግሞ አንደርስም። ብረቱን ልፍታው ብል ግማሽ ቀን ይበላል። እናቴን አውርደን ቃሬዛው ላይ አስተኛናትና ለተሰበሰበው ሰው «እህል ጫኑልኝ» አልኩ። «በቆሎም ይሁን ዳጉሳ፣ በጆንያ ያለውን ሁሉ አምጡና ጫኑ!»

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አያ ነው የምላቸው፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የሚቆጡኝ እሳቸው ናቸው። ዱላቸውን አነሱብኝ። «ወይ የዘመን ጉድ! እናቱን ጣር ይዟት እሱ ገበያ ይጭናል! አንተ ከሰው ነው የተፈጠርከው?» የገበያ ቀን ነበር። ሌላውም እንደዚያው ነው የገባው። ለምን አይገባው? በገበያ ቀን ከእኔ አፍ «ጫኑ፣ ቶሎ በሉ» ከማለት ሌላ ሰምተው አያውቁም። ከወዲያ ምራቁን እንትፍ ያለም ነበር። እኔ ደግሞ ማስረዳት አልችልበትም፣ ቶሎ ይነደኛል። «አያ፣ ይውጡና ይዝለሉባት!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ካሶኒው ላይ ይውጡና ይዝለሉ፣ ዝቅ ካለች አንገቴን ይቁረጡኝ!»

እሳቸው አልወጡም። ሁለት ጎረምሶች ወጥተው ዘለሉ። ንቅንቅ አላለችም። «ብረት ጨምሬባታለሁ። ሸክም ካልከበዳት አትለሰልስም። እናቴን የሚያንገጫግጫት ባዶነቷ ነው» አልኩ። አያ ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ፣ አንዴ መኪናዋን አንዴ እናቴን አዩ። ከዚያ ዞረው ሰዉን ተቆጡ። «ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩታላችሁ? ጎተራችሁን ክፈቱ እንጂ!»

ቃሬዛ ሊሸከም የመጣው ሰው ሁሉ ጆንያ ተሸከመ። በቆሎ መጣ፣ ዳጉሳ መጣ፣ ለገበያ የተሰናዳ በርበሬ መጣ። ከማዶ ያለችው ባልቴት ለዘር ያስቀመጠችውን አሸክማ መጣች። የትኛው ጆንያ የማን እንደሆነ ምልክት ያደረገ የለም። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ባሌስትራውን አያለሁ። ቀስ በቀስ ጎበጠ፣ ጎበጠና «በቃ!» አልኩ። ጆንያው ላይ ገለባ፣ ገለባው ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ እናቴን። እህቴ የእናቴን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች፣ አያም ከእግሯ በኩል ሆኑ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስደርስ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ። ምንም ድምፅ የለም። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «እታለም፣ እንዴት ናት?» አልኩ። «እንደ አልጋ ነው አለች፣ ንዳ!» አለችኝ እህቴ። ያኔ ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴን አተርፋታለሁ ብዬ አመንኩ። ጋለብኩ። ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ፣ ኩርባውንም። ገበያተኛው እጁን ሲያነሳ አልቆምኩም፤ ከኋላዬ ይሰድበኛል። መኪናዋም ጭልጥ ብላ ሄደች፣ ከኋላ ኮሽታ የለም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ደግሜ ጠየቅሁ። «ተኝታለች» አለችኝ እህቴ። «ይሻላታል ማለት ነው፣ አትቀስቅሳት» አሉ አያ። እኔም ጥሩንባ መንፋቴን ተውኩ።

ቡሬ ሐኪም ቤቱ በር ላይ አንዲት ነርስ ጆንያው ላይ ወጣች። የእናቴን እጅ ያዘች፣ አንገቷን ነካች፣ የዓይኗን ቆብ ገለጠች። ከዚያ ወደ እህቴ ቀና ብላ «መቼ ነው ያረፉት?» አለች።

እርስ በርስ ተያየን። «ኧረ ተኝታ ነው!» አለች እህቴ። «እጄ ላይ እኮ ናት፣ ተኝታ ነው!» የት ላይ እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም። ኩርባው ጋ ይሁን ድልድዩ ጋ፣ መኪናዋ ኮሽ ሳትል ያለፈችበት አንድ ቦታ ነው።

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ምንም አልተሰማኝም። አያ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ያለቅሳሉ፣ እህቴን ሁለት ሴቶች ይዘዋታል፣ እኔ ጎማዎቹን እየዞርኩ አያለሁ። አንዱ ላይ የተሰካ ጠጠር ነበር፣ በጣቴ ነቅዬ ጣልኩት። አንድ ሰው «እግዜር ያጥናህ» አለኝ፣ «አሜን» አልኩት። ረሃብም ጥማትም አልነበረኝም።

በዚያው ቀን መቀበር ስላለባት ወዲያው ተመለስን። በጋቢ ሸፍነናት፣ እህሉም እንደተጫነ። ቡሬን ወጥተን ፒስታው ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ። ፍሬን ያዝኩ፣ አንዱን ጎማ ቀስ ብዬ አወረድኩ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። ሌሎቹ ሹፌሮች አቧራ እያለበሱን አለፉ። አያ የጋቢናውን ጣራ መቱ። «ልጄ፣ ካህናቱ ይጠብቃሉ፣ ቀብር ይመሽብናል። ፈጠን በል እንጂ» አሉኝ። «እሺ አያ» አልኩ። ማርሽ ለመቀየር እጄን ሰደድኩና መለስኩት።

«አሁን ምኗን ያማታል?» አለች እህቴ ከኋላ። «ንዳው በቃ! ምኗን ያማታል?»

«አውቃለሁ» አልኳት። ፊት ለፊት ድንጋይ አየሁና ዳር ይዤ ዞርኩት።