የሌላ ሸማኔ ሥራ

ዛሬ ጠዋት ጣራው አፍስሶ አልጋዬ ላይ ያለው ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ረጠበ። እርጥብ የበግ ጠጉር እንዴት እንደሚሸት ታውቃለህ? እኔን ሽታው ወስዶ የአባባ ሽመና ጉድጓድ ጫፍ ላይ አስቀመጠኝ።

አባባ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ከሚባለው ደጋ አጠገብ፣ ባና ሸማኔ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው መወርወሪያውን እያመላለሱ፣ “ይህ ባና ያለ ሸማኔ ይገኛል? እንግዲያ የገብሱ ዛላ ያለ ሠሪ እንዴት ይገኛል?” ይሉኝ ነበር። ይህን ሲጠይቁኝ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ የላይኛው ከንፈሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ተወለደ። ጡት መያዝ አቃተው። እማማ በማንኪያ የምታንቆረቁርለት ወተት በአፍንጫው ይመለስ ነበር። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለውን ከንፈር የሚሰፉ ሐኪሞች እንዳሉ ብትነግረንም አባባ እምቢ አሉ። በሙያቸው አንድ ወግ ነበራቸው፤ ሌላ ሸማኔ የጀመረውን ሥራ ቢለምኗቸውም አይነኩም። ሠሪውን መናቅ ነው ይላሉ።

“የፈጣሪን ሥራ የማርመው እኔ ምን ቤት ነኝ?” አሉ።

ቅዳሜ ከምማርበት ከተማ ስመጣ የልጁ ጉንጭ ጎድጉዶ አገኘሁት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሥነ ሕይወት ተምሬ ሁሉን ያወቅሁ የሚመስለኝ ጊዜ። ደሜ ፈላ።

“አባባ፣ ይህ ከንፈር ሲሠራ ሸማኔው የት ነበር? ወይ እጁ ተሳስቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም የለም” አልኳቸው።

መወርወሪያው ቆመ። እማማ “አፍሽን ያዢ” አለችኝ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመቱኝም። ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ አቅቶት ያቃስት ነበር፤ የሚያዩት እሱን ነበር።

“የኔ ክር ሲበጠስ እኔ እቀጥላለሁ” አሉ ቀስ ብለው። “እሱ በምን እጅ እንደሚቀጥል ግን አላውቅም። ሄጄ ልይ።”

ሰኞ ሕፃኑን ይዘን ከእማማ ጋር አብረን ተሳፈርን። አባባ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ከኔ ርቀው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሐኪሟ ከኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ነበረች። ልጁ እዚያው ሰንብቶ፣ ጠንክሮ ከተሰፋ በኋላ ፋሻውን ስታነሣ ከንፈሩ አንድ ሆኗል። አባባ ጎንበስ ብለው ስፌቱን በሸማኔ ዓይን መረመሩት። ከዚያ “እስቲ እጅሽን አሳዪኝ፣ ልጄ” አሏት። ግራ ተጋብታ ዘረጋችላቸው። መዳፏን አገላብጠው አዩት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነክተው እጇን ሳሙት።

ስንመለስ ልጁ እማማ ጭን ላይ ጠግቦ ተኝቶ ነበር። አባባ አውቶቡሱ ውስጥ ወደኔ ዞረው፣ “ያቺን እጅስ ማን የሠራት ይመስልሻል?” አሉኝ። ክርክር አልነበረም፤ እየታረቁኝ ነበር። እኔ ግን የተሸነፍኩ መስሎኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ወንድሜ ዛሬ ሲናገር ማንም አያውቅበትም። አባባ በዚያው ክረምት ዐረፉ። አውቶቡሱ ውስጥ ለጠየቁኝ መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ምነው ያኔ “እንጃ አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ” ባልኳቸው።