ተልባ የጠጣው በር

የአክስቴ በር ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ድርቁ በጠናበት ዘመን የእርዳታው ዘይት ካለቀ በኋላ ቆርቆሮውን የሚጥል ሰው ሰቆጣ ውስጥ አልነበረም። በጎኑ ይቀደዳል፣ በመዶሻ ይዘረጋል፣ ከዚያ ጣራ ወይም የዶሮ ቤት ወይም በር ይሆናል። የአክስቴ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቆርቆሮዎቹን እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱን ባንዱ ላይ ደራርበው፣ ወይራ እንጨት ላይ በምስማር መትተው፣ በር ነው ብለው አቆሙት። የፈረንጁን ጽሑፍ ወደ ውጭ ያዞሩት ያምራል ብለው ነው። እኔ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ አንብቤ "እንዳይሸጥ ይላል" ብዬ ስነግራቸው አክስቴ፣ "ማን ሊገዛው?" አሉ።

በሩ እየዋለ እያደረ ዛገ። ክረምት ክረምት ቡናማ ውኃ ያለቅሳል፤ በጋ በጋ ሲነኩት እንደ በርበሬ እጅ ላይ ይቀራል። ማንም ግድ አልነበረውም። ባለፈው ዓመት የሁዳዴ መግቢያ ላይ ግን ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት ባለሙያ ጠመኔ ይዞ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጫማው ገና አቧራችንን ያልለመደ ልጅ ነው። በኮብልስቶኑ መንገድ ዳር ያለ በር ሁሉ ግራጫ እንዲቀባ፣ የበሰበሰ ቆርቆሮ ደግሞ ተነሥቶ በአዲስ ላሜራ እንዲተካ መወሰኑን ነገረን። የአክስቴን በር አንዴ አየውና የኤክስ ምልክት አደረገበት። ፋሲካ ሲያልፍ ተመልሶ አያለሁ፣ ካልተነሣ እኛው እናነሣዋለን ብሎ ሄደ።

አክስቴ ምልክቱን ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይህን የተንጋደደ መስቀል የሳለው የየት ደብር ቄስ ነው?" አሉ።

ነገሩን ሳስረዳቸው መጀመሪያ በኽምጣና ተራገሙ። አክስቴ ሲጸልዩ በአማርኛ ነው፣ ሲራገሙ በኽምጣና፤ እርግማኑ እንዲደርስ የሚፈልጉት የትኛው እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ሰነፍ በዕድሜው ጀምሮ የጨረሰው ይህን ብቻ ነው። ይህን ካነሡብኝ ሰው ምን ሠራ ሲለኝ ምን ላሳይ ነው?" አሉ።

እውነት ነው። ባላቸው ግማሽ አጥር፣ ሦስት እግር ያለው አልጋ እና ጣራ ያልደረሰበት ጓዳ ትተው ነው የሞቱት። በሩን ብቻ ጨርሰዋል። እኔ ቁልፍና ሬዲዮ፣ አንዳንዴም የውኃ ፓምፕ እየጠገንኩ የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ። እምቢ የሚባል ዓይነት አስተያየት አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዝገቱን እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ ነበር። ጥግ ላይ በሽቦ ብሩሽ ሞከርኩት። ዝገቱ ለቀቀ፣ ብረቱም አብሮ ለቀቀ፤ በቀዳዳው ጎረቤታችንን አየኋት፣ እሷም አየችኝ። ዘይት ቆርቆሮ ሲጀመርም ስስ ነው። ከዝገቱ የተረፈው ደግሞ ከወረቀት ብዙም አይበልጥም። ዝገቱን አስወግዳለሁ ማለት በሩን አስወግዳለሁ ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ በነፃ ይሠራልናል። ስለዚህ ዝገቱ ባለበት ሆኖ እንዲጠነክር ማድረግ ነበረብኝ። የላላው ይራገፋል፣ የቀረው ውስጡ ገብቶ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ምክር አልጎደለኝም። በያጁ ጎረቤታችን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው አለኝ። እሱ የአይሱዙውን ካሶኒ በዚያ ቀብቶ ምንም አልሆነም። ምክሩን አላመንኩትምና በአንድ ትርፍ ቆርቆሮ ላይ ሞከርኩና ግቢ ውስጥ አቆምኩት። ዘይቱ ወደ ዝገቱ ገባ፣ አልዋሽም፤ ግን አልደረቀም። ሳምንቱ አለፈ፣ አልደረቀም። ከአበርገሌ የተገዛች የጎረቤት ፍየል ጎኗን አከከችበትና ግማሽ ነጭ ግማሽ ጥቁር ሆና ወጣች። ባለቤቷ የኔ አይደለችም ብሎ ሊመልሳት ነበር። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቀለም ብትቀባ ቀለሙ ውኃ ላይ እንዳለ ቅጠል ይንሳፈፋል።

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። የዘይት መጭመቂያ ያለው ሰውዬ ዘንድ ማሽን ልጠግን ገብቼ ከሥሩ ተንጋልዬ ሳለሁ፣ የማሽኑ እግር ላይ የፈሰሰው ዘይት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አየሁ። የሰሊጡ ያጣብቃል። የኑጉ እንደ ሙጫ ሆኗል። አንዱ ግን እንደ ጥፍር ደርቆ ብረቱን ይዟል፤ በጠፍጣፋ መፍቻ ብፍቀው መፍቻው ነው የተንሸራተተው። ሰውዬውን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ተልባ ነው፣ አንዲት ሴትዮ ለወገቧ አስጨምቃ ነበር፣ ያንን ካጠብክልኝ እመርቅሃለሁ አለኝ። አላጠብኩለትም። ከሥሩ የነበረው ብረት ዝገት አልነበረበትምና።

በማግስቱ ከአክስቴ ቤት ተልባ ወስጄ አስጨመቅኩ። ተልባው ለጾም የተቀመጠ ነበር።

"በሁዳዴ ሰው ዘይት አጥቶ ሽሮውን በውኃ ይበላል፣ የእኔ በር ይጠጣል" አሉ አክስቴ።

ጠጣም። የላላውን ዝገት በብሩሽ በስሱ አራገፍኩ፣ በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጠብኩት፣ ፀሐይ እስኪያነድደው አቆየሁት። እርጥበት ካለ ዘይቱ አይገባም። ዘይቱን በጣሳ አድርጌ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ይሰርጋል። ከዚያ በብሩሽ ስስ አድርጌ ቀባሁት። ብርቱካናማው ዝገት እያየሁት ጠቆረ፤ ዘይቱ በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ሽቅብም ቁልቁልም ሲሄድ ይታያል። ደግሜ ቀባሁት፣ ደግሞ ጠጣ። መጠጣቱን ሲያቆም ላዩ ላይ የቀረውን በጨርቅ ጠረግኩት። ይህችን የሚረሳ ሰው የአሮጊት ጉንጭ የመሰለ በር ያገኛል። ጨርቁንም ጨምድዶ መጣል አይገባም፤ እኔ ጥግ ላይ የጣልኩት ሞቆ መጨስ ጀመረና አክስቴ ጠበል ረጩበት። ከዚያ ወዲህ አጥር ላይ እየዘረጋሁ ነው የማደርቀው። ጠበሉም ሠርቷል፣ አልክድም፤ ውኃ ነው።

አንድ ቦታ ግን አስቸግሮኝ ነበር። በሩ መሐል፣ ሲከፍቱ እጅ የሚያርፍበት ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቅባት ነበረ። እኛ ዘንድ ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ መቃኑን ቅቤ ትቀባለች። አክስቴ ለአማታቸው በር አንድ ጊዜ ቀብተው አበቁ፤ ለዚህኛው ግን ከቆመ ጀምሮ በየበዓሉ ይቀቡታል። መቃኑ ስንጥር ስላለው መሐሉን መረጡ። ቅባቱን ስፍቀው ከሥሩ ዝገት ያልነካው ብረት ወጣ። ደስ አለኝ፣ ግን ቅቤና ቀለም አይስማሙም። ተልባ ይደርቃል፤ ቅቤ ግን እንደ ሞተር ዘይቱ ነው፣ አይደርቅም፤ ፍየሏ ምስክር ናት። እስኪጠራ ድረስ አጠብኩትና እንደ ሌላው ተልባ ቀባሁት። ቀለሙ ተቀብቶ እስኪያልቅ ድረስ ቅቤ እንዳይነካው ለአክስቴ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ራስ መነቅነቅ ብዙ ትርጉም እንዳለው ያኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ዘይቱ እስኪደርቅ ስጠብቅ ቀለሙን አዘጋጀሁ። ግራጫ የዘይት ቀለም ነው፣ ሱቅ ውስጥ ብዙ የቆየ፣ ላዩ እንደ ወተት የሰፈፈ። ስፋፉን አንሥቼ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ አጠለልኩት። ሰው እንዲህ ዓይነቱን በማቅጠኛ፣ በአኳራጅ ያቀጥነዋል። ይቀጥናል፣ ግን ይራባል፤ ዓመት ሳይሞላው ዱቄት ይሆናል። እኔ ጥቂት ተልባ ጨመርኩበት። ጥቂት ነው ያልኩት፤ ከበዛ ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ብሩሹ ሳይጎትት ሄደ፣ የብሩሹ መስመር ራሱ ተኝቶ ጠፋ፣ የምስማር ራስ ሥር ሳይቀር ገባ። በያጁ መጥቶ አየና፣ "ይህማ የመኪና ቀለም መሰለ፤ ለአንድ የዘይት ጣሳ!" ብሎ ሄደ። ከእሱ ይህ ምርቃት ነው።

ፋሲካ አለፈ። ባለሙያው የበዓሉ ዶሮ ገና ከፊቱ ሳይወርድ ጠመኔውን ይዞ መጣ። አክስቴ ነጭ ለብሰው በሩ ጎን ቆመው ነበር። ጠጋ ብሎ አየው፣ ራቅ ብሎ አየው።

"እማማ፣ ቀለሙ አምሯል" አላቸው። "ግን ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። እኔ የምፈልገው ከሥሩ ያለውን ነው።"

ጥፋት አልነበረበትም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። በአውራ ጣቱ እየተጫነ ከታች ጀመረ። የዛገው ታችኛው ነበር፤ ጠነከረበት። ቁልፉን አውጥቶ ጫረው፤ ቁልፉ ተንሸራተተ። እኔ በውስጤ ትንሽ እየተኩራራሁ ነበር። ከዚያ መሐሉ ላይ ደረሰ፣ ጣቱን አሳረፈ፣ ቀለሙም እንደ ቋንጣ ስብ ተሸበሸበ። ጥፍሩን ሲያስገባ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ቆዳ ተላጠና እጁ ላይ ቀረ።

ባለሙያው እጁ ላይ ያለውን አየ። እኔ አክስቴን አየሁ። አክስቴ ሰማይ ሰማይ አዩ።

ባለሙያው ጣቱን አሸተተና፣ "ቅቤ ነው?" አለ።

"የማርያም ዕለት ትንሽ ነካ አድርጌው ነበር" አሉ አክስቴ። "ይህ ልጅ ቀለም ሊያመጣ ሲወጣ።"

"በጾም፣ እማማ?"

"እኔ ነኝ የምጾም። በሩ ክርስትና አልተነሣ።"

ያን ዕለት ተመልሼ ስመጣ የሚያብረቀርቅ ነገር አይቼ የተልባው ነው ብዬ ማለፌ ትዝ አለኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው አዲሱ ላሜራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለሙያው ግን በእጁ ጀርባ ቅቤውን ጠረገ። ከሥሩ ብረቱ ወጣ፤ ከፋብሪካ እንደመጣ የሚያበራ፣ የፈረንጁ ፊደል ሳይቀር ያለ። አንኳኳው። ደወል ባይሆንም እሺ የሚያሰኝ ድምፅ ሰጠ። እንደገና ወደ ታች ወርዶ አንኳኳ፤ ያው ድምፅ።

"እኔ የተላክሁት በስብሷል ወይስ አልበሰበሰም የሚለውን ለማየት ነው" አለ። "ይህ አልበሰበሰም።"

መቃኑ ላይ በጠመኔ የራይት ምልክት አደረገ።

"ዛሬ ደግሞ ግማሽ መስቀል" አሉ አክስቴ፣ ግን በአማርኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ በሩን ያዳነው ቅቤ ሆኗል። አክስቴ ለጠየቃቸው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚናገሩት፤ ተልባዬ ድግስ ላይ እንደተረሳ ጎረቤት በስተመጨረሻ ትጠራለች። አንዳንድ ሴቶች ሰምተው ገና የተቀቡትን በሮቻቸውን ቅቤ ቀቡ፤ ከቀለሙ ላይ ስለሆነ አልጎዳም፣ ድመቶቹ ግን ተደስተዋል። አንዷ ጎረቤት ከቀለሙ በፊት ቀብታ ኖሮ በሯ ሁለት ጊዜ ተላጠና እኔን አስጠራችኝ። ሄጄ አጠብኩላት። ምክንያቱን ስነግራት፣ የቅቤው ዓይነት ነው፣ ከጋዝጊብላ የመጣ ቢሆን ይይዝ ነበር አለችኝ።

የተላጠው ቦታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። መሥመሩ የተስተካከለ ግራጫ በር መሐል ያ የሚያብረቀርቅ መዳፍ ሲታየኝ ጥርሴን ያፋጨኛል። አንድ ጠዋት ሳሙናና ሙቅ ውኃ፣ የተረፈውን ተልባና ቀለም ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ጣሳውን ሲያዩ ተነሥተው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

"ተው፣ አትንካው" አሉኝ። "ሙሉ በሙሉ ካማረ ያ ሰነፍ ሠራው ብል ማን ያምነኛል?"

ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩ። መምጣቴ በከንቱ እንዳይሆን ማጠፊያዎቹን ተልባ ጠብ አደረግሁባቸው፤ ማጠፊያ ላይ ተልባ አይደረግም፣ ሲደርቅ ይይዛል፣ ይህንን አውቃለሁ። ወዲያው ትዝ ሲለኝ በጨርቅ ጠርጌ አወጣሁትና ቅቤ እንዲያቀብሉኝ ጠየቅኋቸው። አክስቴ ቅሉን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልጽፈውም።