ፈይሰልና መክሩህ የተባለው ሌንስ

ሸዋ ሮቢት ፎቶ ቤት ያለው ፈይሰል ሙሽራ ሲያነሳ እጁ አይንቀጠቀጥም። ዝም ብዬ አይደለም የምላችሁ፤ ከዚህ እስከ ካራቆሬ የኔን ያህል ሠርግ የበላ ሰው ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። አንዱ ሠርግ ላይማ ድንኳኑን ነፋስ ነቅሎት እኔ ነኝ ምሰሶውን ይዤ... እሱን ተዉት፣ ወደ ልጁ ልመለስ።

እጁ የሚንቀጠቀጠው ሐጂ ሷሊሕን ሲያይ ነው። ልጃቸውን ሳሊሃን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልገዋለች። ሐጂ ግን በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፎቶ ማንሳትን ሥራ ብለው አይቆጥሩትም። ሽማግሌ ቢልክ በባዶ እጅ እንደሚመልሱበት ያውቃል።

ያን ሰሞን ሽንኩርታቸውን ዓይን የማይሞላ ደቃቅ ተባይ ወረረው። የእርሻ ባለሙያው ተባዩን ለይቶ መድኃኒቱን ለመንገር አጉልተው ያነሱት ፎቶ አምጡ አለ። ፈይሰል ይሄን ሲሰማ በባጃጅ ከንፎ ደረሰ። በስልኩ ቢያነሳ ተባዩ አቧራ መሰለ፣ በሠርግ ካሜራው ቢያነሳ የባሰ አቧራ።

«ሐጂ፣ ለዚህ ማክሮ ሌንስ ያስፈልጋል» አላቸው።

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። «መክሩህ?»

ፈይሰል ጆሯቸው ደከመ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አዎ፣ ማክሮ። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ።»

መክሩህ ማለት እንግዲህ ሐራም ባይሆንም ዲን የማይወደው፣ ቢተውት የሚሻል ነገር ነው። ያንን ልጁ አውቆ፣ ያውም አዲስ አበባ ድረስ ልኮ ሽንኩርታቸው ላይ ሊያመጣ። ሐጂ ሳይመርቁት ገቡ። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወሬውን ሰማ። ሽማግሌ ሊሆኑለት ቃል የገቡት አባ አንዋር ሳይቀሩ፣ መክሩህ ዕቃ ለሚገዛ ሰው የሰው ልጅ አልጠይቅም ብለው ላኩበት።

ፈይሰል ያኔ ነው ነገሩ የገባው። እየሮጠ ተመለሰና፣ ማክሮ የፈረንጅ ቃል እንደሆነ፣ ትንሿን ነገር አጉልቶ ማሳየት ማለት እንደሆነ በአላህ እየማለ አስረዳቸው።

«ታዲያ ማጉያ አትልም?» አሉት ሐጂ። «አማርኛ አለቀብህ?»

አዲስ አበባ ያለው ሻጭ፣ ናትናኤል የሚባል ወዳጁ፣ ሁለት ሌንስ በሚኒባስ ላከለት፤ አጭርና ረጅም። ሞክረህ አንዱን መልስ አለው። ፈይሰል አጭሩን ወደደው፤ ቀለል ይላል። ግን አጭሩ ካልተጠጉ አያይም፤ ከቅጠሉ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። ጥላው ሽንኩርቱን ሸፈነው። የኛን አገር ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ግመል እንኳ ጥላ ትጠይቃለች፤ ላቡ ከግንባሩ ጠብ ሲል ተባዩ ዋና ጀመረ።

«ልጄ፣ ልታነሳው ነው ልታጥበው?» አሉ ሐጂ።

ረጅሙን ገጠመ። ከብዶት ክንዱ ዛለ፤ ግን ይሄኛው ራቅ ብሎ ነው የሚሠራ፤ ጥላም ላብም ሳይደርስበት ተባዩ እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሎ ፎቶ ተነሳ። አጭሩን መልሶ ረጅሙን አስቀረ። ፎቶውን የመስኮት ያህል አድርጎ አሳተመው። ተባዩ ክንፉ ላባ የመሰለ፣ ፊቱ የተቆጣ። ባለሙያው አይቶ መድኃኒቱን ነገራቸው፤ ሐጂ ግን ፎቶውን አልመልስም ብለው ሳሎናቸው ሰቀሉት።

አባ አንዋር የማክሮው ነገር ተጣርቶላቸው፣ ሁለት ሰው ጨምረው ለሽምግልና ሲገቡ፣ ፈይሰል ግቢው ውስጥ የመስኮቱ ሥር ቆሞ ያዳምጣል። ሽማግሌዎቹ ፎቶውን አዩ። አንዱ ይሄ ጊንጥ ነው አለ፣ አንዱ የለም አንበጣ ነው አለ፤ ሐጂ እየተነሱ እግሩን ያስቆጥሯቸዋል። ምሳ ቀርቦ ተነሳ። የመጡበትን ያነሳ የለም።

ከጓዳ የሳሊሃ ድምፅ መጣ። «አባ፣ ሰዎቹ የመጡት ለኔ ነው ለተባዩ?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁ ውጭ ነው ያለው?» አሉ። «ግባ በሉት። ፀሐይ ላይ ላቡ አይንጠብጠብ።»