የፖስታ ቤቱን ግድግዳ የከፈቱት ለሳኝ

መጀመሪያ በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ያንኳኳሉ። ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ካስተጋባ ሲሚንቶው ከድንጋዩ ለቋል ማለት ነው። ያን ቦታ በጠመኔ ይከብቡታል። ቀጥሎ መሮውን በጠርዙ በኩል አጋድመው ያስገባሉ፤ ቀጥ አድርገው ከመቱት ድንጋዩ ይጎዳል። መዶሻውን ሁለቴ ቀለል፣ ሦስተኛውን ጠንከር አድርገው ያሳርፋሉ። ግራ እጃቸው ከታች ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ ቅርፊቱ መሬት ወድቆ እንዲፈረካከስ አይፈልጉም። ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ያሹትና ጣታቸውን ያያሉ። እርጥብ ነው።

«ይኸው፣ ላቡን ውጦ ተቀምጧል» ይላሉ።

እትዬ ቱንቢ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አርባ አንዱን በልስን ሥራ አሳልፈዋል። ቱንቢ ማለት ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምንለካበት በሲባጎ የሚንጠለጠል ብረት ነው። አብረናቸው የምንሠራው ቅጽል ስሙን ስናወጣላቸው ግን ግድግዳ ብቻ አስበን አይደለም። ጠማማ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ሲሰሙም ዝም አይሉም።

ያን ቀን ጠዋት የሚፈለፍሉት የአሮጌውን ፖስታ ቤት ግድግዳ ነበር። በሩ ላይ በዋዜማው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ሕንፃው ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይፈርሳል። ፖስታ ቤቱ በቅርስ መዝገብ የሰፈረ ነው። ታዲያ እንዴት ይፈርሳል? የቅርስ ሕጉ አንቀጽ ዘጠኝ መንገዱን ከፍቶለታል፦ «ለአደጋ የተጋለጠ» የተባለ ሕንፃ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ማን አየው፣ ምኑን ከፍቶ አየው፣ ለምን ታመመ የሚል ነገር አንቀጹ ውስጥ የለም። አንድ ፊርማ ይበቃል። በሩን ቆልፎ መስኮቱን በርግዶ እንደ መተው ነው።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው? ፈቃድ አለዎት?»

«ለሚፈርስ ቤት ፈቃድ? እነሱ ሁሉንም ሊንዱት፣ እኔ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ብፈለፍል ምን ይጎድልባቸዋል?»

«አለቃዬ ያባርረኛል እኮ!»

«ቤቱ ከፈረሰ ምኑን ልትጠብቅ ነው? አየሩን?»

ሳቁን ዋጠ። «እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ ፊቱን አዞረ። «አልሸሹም ዞር አሉ» አሉት ከኋላው፣ መሮውን ሳያቆሙ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ግድግዳው ድንጋይና ኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ «ጥገና» ብሎ በሲሚንቶ አስለሰነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጣ፤ ልስኑ አበጠ፣ ተሰነጠቀ። መሐንዲስ መጥቶ ከውጭ አየና «አደጋ» ብሎ ፈረመ። የእትዬ ስሌት ቀላል ነው፦ የተከፈተው ቦታ አየር ካገኘ በሦስት ሳምንት ይደርቃል፣ ድንጋዩም ጤነኛ መሆኑ ይታያል።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና እስር ቤት ልታስገቢን ነው?» አሏቸው።

«የእስር ቤቱንም ልስን የሠራሁት እኔ ነኝ። የቱ ጋ እንደሚለቅ አውቃለሁ።»

ማስታወቂያው በተለጠፈ በሃያ አራተኛው ቀን አንቀጽ ዘጠኝን ለማሻሻል በወጣው ረቂቅ ላይ የሕዝብ ውይይት ተጠራ። እትዬ ቅርፊቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱና ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረጉት። አቧራው ረቂቁ ላይ ተበተነ። መናገር ከመጀመራቸው ያ የፈረመው መሐንዲስ እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሥራ መዝገቡን አይቼዋለሁ። ይሄን ሲሚንቶ የለሰኑት እርስዎ ራስዎ አይደሉም?»

ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ። እኔም አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በእነዚህ እጆቼ። ትእዛዙ ‹በሲሚንቶ› ይላል። በኖራ ይሁን ብል ‹ያረጀ ያፈጀ ነገር አታምጪብን› ተባልኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ጥፋቴ ነው። ግን ጌታዬ፣ ትእዛዙን የጻፋችሁት እናንተ፣ ያበላሸሁት እኔ፣ የሚፈረደው በግድግዳው ላይ የሆነው በምን ሕግ ነው?»

ሰብሳቢው አቧራውን እየጠረገ፣ «ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?» አላቸው።

«ሁለት መስመር ጨምሩ። ግድግዳው ተከፍቶ ሙያተኛ ሳያየው ማንም ‹አደጋ› ብሎ አይፈርም። አሮጌ ቤት ደግሞ በተሠራበት ዓይነት ነገር ካልሆነ አይጠገን። እምቢ ካላችሁ ዶዘራችሁን ላኩት፤ መሮዬን ይዤ ከፊቱ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።»

መሐንዲሱ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን ወደ ፖስታ ቤቱ ሄደ። እጁን በተከፈተው ቦታ አስገብቶ ድንጋዩን ዳሰሰ፣ በመሮ ጫፍ ሞከረ። ከሰዓት ሲመለስ፣ «ደረቅ ነው። ድንጋዩም አልተነካም። ፊርማዬን አንስቻለሁ» አለ። ይህን በሰው ፊት ማለት ቀላል አይደለም።

ማፍረሱ ረቂቁ እስኪወሰን ለዘጠና ቀን ታገደ። ቀን ተገኘ እንጂ ቤቱ ገና አልተረፈም። ሁለቱ መስመሮች «በሕዝብ አስተያየት የሚወሰኑ» ተብለው ተይዘዋል፤ ካልገቡ የድሮው አንቀጽ እንዳለ ይቀጥላል፣ ሌላ ፈራሚም አይጠፋም።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ለሚያነበው ሰው አድርስልኝ» አሉ። «ሂዱና አንቀጽ ዘጠኝን አንብቡ። ሁለቱ መስመሮች ይግቡ ብላችሁ በገዛ ቃላችሁ ለቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ጻፉ። ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ ቀለም ቀቢ የሆናችሁ ደግሞ፣ ታዛችሁ ያበላሻችሁትን ቤት ከነአድራሻው አስመዝግቡ። አትፈሩ፤ የመጀመሪያውን እኔ ጽፌያለሁ።»