ውሃው ያልደረሰበት ቤት

ልጄ ቤዛ ቤት ልትገዛ ከተነሳች ወዲህ ስልኬ እረፍት አጥቷል። ወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሰው ሁሉ ከሰው መራቅን ተምሯል። እሷም ከኮለምበስ ወጣ ብሎ፣ ከፖላሪስ ሰፈር አልፎ ባለው የግድብ ሐይቅ ዳር አንድ ቤት አግኝታ ፎቶውን ጠዋት ማታ ትልክልኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ጭራሽ መኪና ውስጥ አስገብታ ወሰደችኝ። ቤቱ ያምራል፣ አይካድም። ፊት ለፊቱ ውሃ፣ ጀርባው ጫካ ነው። ጎረቤት የሚባል በዓይን አይታይም።

«አባዬ፣ ላንተ ከሥር ያለውን ቤዝመንት ፊኒሽ እናደርገዋለን። የራስህ በር ይኖርሃል» አለችኝ። «እዛ ክሊቭላንድ አቬኑ አንድ ሕንጻ ውስጥ ተደራርባችሁ ስትኖሩ እኔ እንቅልፍ የለኝም። እዚህ ሴፍ ነው። ማንም የለም እኮ!»

ማንም የለም ያለችኝ ልታማልለኝ ነው። እኔ ግን በሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ውሃ የተኛበት ሸለቆ ሳይ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል፤ ሌላው ሰው ውሃውን ያያል፣ እኔ ከሥሩ የነበረውን መንገድ እፈልጋለሁ። ቤዛ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። እንዲህ በቆምኩበት ሊነገር የሚችል ነገር አልነበረም።

ወጣት ሳለሁ መንግሥት የውሃ ምህንድስና ተማር ብሎ ቼኮዝሎቫኪያ ልኮኝ ነበር። ተማርኩ። የኋላ ኋላ ኮለምበስ መጥቼ ከኤርፖርት መንገደኛ ሳመላልስ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ የውሃ ትምህርቴም የጠቀመኝ የመኪናዬ ራዲያተር ሲያፈስ ብቻ ነው። እሱን እንተወው።

የምንማርባት ከተማ ወንዝ ለሁለት የሚከፍላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ከድልድዩ አጠገብ ባለው አሮጌ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ወንዙ በየዘመኑ ሞልቶ የደረሰበት ከፍታ ተቀርጿል። አንዱ ጉልበቴ ጋ ነው፣ ሌላው ደረቴ ጋ፤ አንዱን ግን እጄን ሽቅብ ዘርግቼም አልደርስበትም። ወንዙ በሞላ ቁጥር የከተማው ሰው ፍራሹንና ዶሮውን በጋሪ ጭኖ ወደ ላይኞቹ መንደሮች ይሸሽ ነበር አሉ። መንደርተኛው ጎተራውን ለቆ ያስጠጋዋል፣ ያበላዋል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ የከተማዋ ዳቦ ጋጋሪዎች ትኩስ ዳቦ በጋሪ ሞልተው ለምስጋና ይወጣሉ። ይህ ልማድ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በእኔ ጊዜ ግን መላ ተገኘ ተባለ፤ ከከተማዋ በላይ ግድብ ይሠራል፣ ከተማዋ ትድናለች፣ መንደሮቹ ውሃ ውስጥ ይገባሉ።

የክፍላችን ተማሪዎች በዚያ አገር የበጋ እረፍት ለመሬት ቅየሳ ተመደብን። እኔ የደረሰኝ ኢንጂነር ቫቭራ ጋ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ዝምተኛ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነበር። እሱ ባለ ሦስት እግሩን መነጽር ተክሎ ያነባል፤ እኔ ባለ ቁጥሩን ረጅም እንጨት በየቤቱ በር ደፍ ላይ አቆማለሁ። ውሃው እስከ የት እንደሚመጣ ስናውቅ ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር እንቀባለን። ደፉ ከመስመሩ በታች የሆነ ቤት ይፈርሳል፤ ባለቤቱም ከተማ ውስጥ በሚሠራው አዲስ ሕንጻ ከመንደሩ ሰው ጋር አፓርትመንት ይሰጠዋል። ደፉ ከመስመሩ በላይ የሆነ ባለበት ይቀራል።

ያን ጊዜ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። ካገር ቤት ደብዳቤ ይዘገያል፤ የሚመጣውም ዜና የጦርነት ነው። ምግብ ሳልጨርስ እነሳለሁ፣ ፊልም ሳያልቅ እወጣለሁ። ለመቀየስ የተፈጠርኩ ሳልሆን አልቀርም፤ ቀኑን ሙሉ እንጨት ተሸክሞ መሮጥ ነው።

የመንደሩ ጫፍ፣ ዳገቱ ላይ ያለው የመጨረሻ ቤት የፓኒ ማርታ ነበር። ፓኒ ማለት እንደኛ እትዬ ማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ምላሳቸው ግን ያልጎበጠ አሮጊት ናቸው። ገና ሲያዩኝ «አንተ ደግሞ ከአፍሪካ ድረስ የመጣኸው እኛን ልታሰምጥ ነው?» ብለው አሳቁኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለፍኩ ቁጥር ኪሴን ፕሪም ይሞሉልኝ ነበር። ነሐሴ ማለቂያ ላይ የዚያ አገር ፕሪም ወይን ጠጅ መልኩ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በእጅ ሲያሹት ያበራል።

ተራው የእሳቸው ቤት የደረሰ ዕለት ጠዋት እንጨቱን ደፋቸው ላይ አቆምኩ። ቫቭራ አነበበ፣ አሰላ። ደፉ ከውሃው በአንድ ስንዝር ይበልጣል። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ፓኒ ማርታ! ቤትዎ ተረፈ!»

የፕሪም ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ። ቁልቁል ወደ መንደሩ፣ ቀይ መስመር ወደተቀባባቸው ቤቶች ተመለከቱ።

«እነሱስ?»

«እነሱማ ከተማ ይገባሉ።»

ቅርጫታቸውን አንስተው ገብተው በሩን ዘጉት። እንዲህ ያለ የምሥራች እንዲህ ሲቀበሉት አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ቅር አለኝ።

እኩለ ቀን ላይ ግን ለምሳ ጠሩን። ፕሪሙን በሊጥ ድቡልቡል አድርገው ቀቅለው፣ የደረቀ አይብና ስኳር ነስንሰውበት፣ የቀለጠ ቅቤ አፍስሰውበታል። ሲቆርጡት ትኩሱ ቀይ ጭማቂ ሳህኑ ላይ ይፈሳል። እኛ ስንበላ እሳቸው ቆመው ማውራት ጀመሩ።

ሙሽራ ሆነው እዚያ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው ሲኒ ነበር። በዚያ አካባቢ ለብዙ ዘመን የኖሩት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ሻንጣ ብቻ ይዘው ካገር እንዲወጡ ተደርገዋል፤ መንደሮቹ ባዷቸውን ቀሩ። መንግሥት ከሌላ ቦታ ሰው ሲያሰፍር መጀመሪያ የደረሱት ፓኒ ማርታና ባላቸው ናቸው። የቀረው ሰው የመጣው በፀደይ ነው።

«ክረምቱን እኔና እሱ ብቻ ነበርን» አሉ። «ቀን ቀን እሱ ሥራ ይሄዳል። እኔ በበረዶው ውስጥ እየዞርኩ የየቤቱን በር አንኳኳ ነበር። ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። ግን አንኳኳለሁ። ያንን ክረምት ዳግመኛ አልኖረውም።»

ቫቭራ ሹካውን አስቀመጠ። «ፓኒ ማርታ፣ ደንብ ነው። ቤቱ ደረቅ ለሆነ ሰው አፓርትመንት አይሰጥም።»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እንጨቱ የሚቆመው አንተ ባቆምክበት ነው አይደል፣ ልጄ?»

እሺ ብዬ ቢታወቅብኝ በማግስቱ ትምህርቴን አቋርጠው አውሮፕላን ላይ ይጭኑኛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አገር ቤት የሚጠብቀኝ ወታደር ቤት ነው። ስለ እሳቸው ብቻ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

በቅየሳ ሥራ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንዴ ሲኬድ፣ አንዴ ሲመለሱ። ከምሳ በኋላ መመለሻው ነበር። ከደፋቸው ሥር የዝናብ ውሃ የሚወርድበት በድንጋይ የተሠራ ቦይ አለ። እንጨቱን ይዤ ደፉ ላይ ቆምኩ። ከዚያ እጄ ራሱ ነው መሰለኝ፣ ዝቅ አድርጌ ቦዩ ውስጥ አቆምኩት።

ቫቭራ መነጽሩ ውስጥ ብዙ ቆየ።

«ደፉ ላይ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ደፉ ላይ ነው!»

ዓይኑን ከመነጽሩ አንስቶ አየኝ። በዚያ መነጽር የጫማዬን ክር ማየት ይቻላል። እርሳሱን አወጣና የጠዋቱን ቁጥር ሰረዘ። «ጠዋት ተሳስቼ አንብቤያለሁ» አለ። «ቀለሙን አምጣ።»

መስመሩን ከደፉ በላይ ቀባሁት። እየተቻኮልኩ ስለቀባሁት ጠማማ ወጣ። ፓኒ ማርታ አላመሰገኑኝም፤ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው መጋረጃውን መለሱት።

ጥቂት ዓመታት አልፈው ከተማ ውስጥ አዲሱ ሕንጻ ላይ ጠየቅኳቸው። ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ የቤት ማሞቂያው ራዲያተር ያንኳኳል፣ ፕሪሙ የሱቅ ነው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አማረሩልኝ።

«ይቆጭዎታል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«በየቀኑ!» አሉኝ። ሊቀጥሉ ሲሉ የድሮ ጎረቤታቸው ዝደና ደረጃ የማጠብ ተራ ያንቺ ነው እያለች ዘው ብላ ገባች። ሁለቱ እዚያው መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ እኔንም ረሱኝ።

ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ወደ ግድቡ ሄድኩ። ቤታቸው ፈርሶ መሬቱ ሣር አብቅሏል። ውሃው ቫቭራ እንደሰረዘው የጠዋት ቁጥር፣ የበሩ ደፍ ከነበረበት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆሟል። ዛፉ ግን አለ፤ ፕሪሙ የሚለቅመው አጥቶ ሣሩ ላይ ረግፏል። ደረቅ ቤት ነው ያስፈረስኩት። ጥሩ አደረግኩ እላለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ምን ሥልጣን ነበረኝ እላለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልረጋልኝም።

ቅዳሜ ስንመለስ ቤዛ መሪውን እንደያዘች «እና፣ ኦፈር ላድርግ?» አለችኝ።

«ግዢው። እኔ ግን አልመጣም።»

«አባዬ፣ ለምን? ብትታመምስ?»

እሷም እውነት አላት። ከሕንጻችን በዚህ በሽታ የወጣና ያልተመለሰ ሰው አለ፤ አብረን ካርታ እንጫወት ነበር። ፍርሃቷ ገብቶኛል፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። 

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ቤዛ ቤቱን ገዝታ ገብታለች። ከሥራ ስትገባ ትደውልልኛለች። «እንዴት ነው ቤቱ?» ስላት «ኳየት ነው፣ ጸጥ ያለ» ትለኛለች፤ ሌላ የምትነግረኝ የላትም። «አባዬ፣ ስልኩን አትዝጋው፣ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» ትላለች። እኔም ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከላይ ፎቅ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ኮሪደሩ ላይ አንዱ በፓርኪንግ ይጨቃጨቃል፣ ከግድግዳዬ ማዶ አንድ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ያንጎራጉራል። እራቴን በልቼ ሳህኔን አጥባለሁ። ዘግታ ይሆናል ብዬ ስልኩን ሳነሳው፣ ገና መስመሩ ላይ አለች።